በሰላም የተሰናበተችው ሴት ወዴት ትሂድ?



በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 7 መጨረሻ የሚገኘውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስምዖን የተባለ ፈሪሳዊ ጌታችንን ለማዕድ ጋበዘው። በከተማው ውስጥ በኃጢአተኛነቷ የታወቀች አንዲት ሴት ሳትጠራ ገብታ፣ ከእግሩ በስተኋላ ቆማ እያለቀሰች እግሩን በእንባዋ አራሰች፤ በጠጕሯ አበሰች፤ ሽቱም ቀባች። ጋባዡ በልቡ አጉረመረመ። ጌታም የሁለቱን ባለ ዕዳዎች ምሳሌ ከነገረው በኋላ፣ ፊቱን ወደ እርሷ መልሶ ስምዖንን ይህችን ሴት ያያት እንደሆነ ጠየቀው። ሴቲቱንም ኃጢአቷ እንደተሰረየላት ነግሮ በሰላም አሰናበታት።

ይህ ወንጌል በሚነበብበት ጊዜ ሁሉ ልባችን የሚያርፈው በእንባዋና በተሰጣት ስርየት ላይ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ያቺ ሴት ከስምዖን ደጃፍ ከወጣች በኋላ ወዴት ሄደች? በዚያ ሌሊት የት አደረች? በማግሥቱስ ምን በላች? ከተማው ያው ከተማ ነው፤ ሰዎቹም ያው ሰዎች ናቸው፤ ከትናንት በስቲያ የሚያውቋት ወንዶች ዛሬም በዚያው መንገድ ያልፋሉ። ስምዖን ዕቃ ቤቱን ለቅቆ አስጠጋት የሚል ቃል አናገኝም።

ወንጌላዊው ግን ወዲያው በምዕራፍ 8 መጀመሪያ፣ ከጌታና ከአሥራ ሁለቱ ጋር ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዙ የነበሩ ሴቶችን ያስተዋውቀናል። መግደላዊት ማርያም፣ የኩዛ ሚስት ዮሐና፣ ሶስናና ሌሎችም ብዙዎች ከገንዘባቸው ያገለግሉ ነበር። ኃጢአተኛዋ ሴት ከእነርሱ ጋር ተቀላቀለች ብሎ ቅዱስ ሉቃስ አልጻፈም። (መግደላዊት ማርያምን ከዚህች ሴት ጋር አንድ አድርጎ መናገር በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ከታላቁ ጎርጎርዮስ ስብከት ወዲህ የተለመደ ቢሆንም ወንጌሉ እንዲህ አይልም፤ መምህራኖቻችን ይህን ለይተው ቢያስተምሩ መልካም ነው።) ሆኖም ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ማስቀመጡ ያለ ምክንያት አይመስለንም። ስርየት ያገኘ ሰው የሚጠጋበት፣ አብሮ የሚበላበትና የሚያገለግልበት ማኅበር በዚያው መንገድ ላይ ነበረ። ስርየትን የሚሰጥ ጌታ ብቻ ነው፤ ያንን ማኅበር መሆን ግን ለእኛ የተተወ ሥራ ነው።

ጥያቄውን ወደ ራሳችን አካባቢ ስናመጣው ከስምዖን ቤት ብዙ አንርቅም። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ ከአዳማ እስከ መተሐራ የተዘረጉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የመንገድ ልጆች ናቸው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው በአዳማ በኩል አልፎ ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)። በ1954 በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሲከፈት፣ ኋላም በመተሐራ ሌላው ሲከተል፣ ከየአቅጣጫው አገዳ ቆራጮች ወደዚህ ቆላ ወረዱ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣበት ከ1998 ወዲህ የሀገሪቱ ጭነት አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ ከባድ መኪናው ሁሉ በደጃችን ይጓዛል። የሞጆ ደረቅ ወደብ መጣ፤ በዝዋይ ሐይቅ ዳር የአበባ እርሻዎች ተስፋፉ፤ በ2014 ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ተከፈተ። በ2017 እና በ2018 ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ወገኖቻችንም አዳማን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ሰፈሩ። መኪና ባለበት ሾፌርና ረዳት አለ፤ ሾፌር ባለበት አልጋ ቤት አለ፤ አልጋ ቤት ባለበትም ከገጠር የመጣች ልጅ አትጠፋም። አዳማ ደግሞ የስብሰባ ከተማ ናት። ውሎ አበል ተቆርጦላቸው ለሴሚናር የሚመጡ ሰዎች ቀን ስለ ልማት ሲነጋገሩ ውለው ማታ የት እንደሚያመሹ የሆቴል ዘበኞች ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ።

ከተማይቱ ለብዙ ዘመን የምትጠራበት ናዝሬት የሚለው ስም የጌታችን ያደገባት መንደር ስም ነው። ናትናኤል ከዚያች መንደር መልካም ነገር ይወጣ እንደሆነ በንቀት ጠይቆ ነበር። ዛሬም ስለ አንዳንድ ሰፈሮቻችን ተመሳሳይ ጥያቄ የሚጠይቁ አሉ፤ ከእነርሱም መካከል መቁጠሪያ በእጃቸው የያዙ አይታጡም።

ወደዚህ ሕይወት የገቡትን እኅቶቻችንን ቀርበው ያነጋገሩ ሁሉ የሚሰሙት ታሪክ እጅግ ይመሳሰላል። ልጅቱን ከቀዬዋ ያስነሣት የወላጅ ሞት፣ ያለ ዕድሜዋ የታቀደላት ጋብቻ፣ ወይም በከተማ ትምህርቷን ለመቀጠል የነበራት ጉጉት ነው። መናኸሪያ ስትወርድ ደላላ ይቀበላታል፤ በቤት ሠራተኝነትም ትቀጠራለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደመወዟ ይያዛል፤ ወይም አሠሪው ይደፍራታል፤ ወይም ታረግዝና ትባረራለች። ባዶ እጇን ወደ እናቷ ቤት መመለስ ያሳፍራታል። ያን ጊዜ ሌላ ደላላ ቡና ቤት ወስዶ ያስገባታል። መጀመሪያ አስተናጋጅ ትባላለች፤ ቀጥሎ ከደንበኛ ጋር ተቀምጣ መጠጥ እንድታሻሽጥ ትታዘዛለች፤ የቀረውን መናገር አያስፈልገንም።

ብዙዎቻችን፣ ለምን ትታው አትወጣም? ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው በቅንነት ከተጠየቀ መልስ አለው፤ መልሱንም በዝርዝር ማወቅ ግዴታችን ነው። የምታድርበት ክፍል ኪራይ በየቀኑ ይታሰባል፤ ልብስና ጫማ በዱቤ ተሰጥቷታል፤ የቡና ቤቱ ባለቤት መዝገብ ውስጥ ያለው ዕዳዋ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አይታይም። ልጅ ካላት፣ ማታ ማታ ልጇን የምትጠብቅላት ሴት ክፍያ ትፈልጋለች። በየወሩ ወደ ገጠር የምትልከው ገንዘብ አለ፤ እናቷም ልጄ በከተማ ሆቴል ትሠራለች ብላ ለጎረቤት ትናገራለች። ከመጣችበት ቀበሌ መሸኛ ስላላመጣች መታወቂያ ማውጣት አልቻለችም፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ ቤት መከራየት፣ በባንክ መቆጠብ፣ መደበኛ ሥራ መቀጠር የማይታሰብ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ፍርሃቷንና የሌሊቱን ብርድ ለመርሳት የጀመረችው መጠጥና ጫት ልማድ ሆኖባታል።

እነዚህ ሁሉ ገመዶች ናቸው። አንዱን ብቻ በጥሰን፣ ይኸው ነፃ ወጣሽ ማለት አንችልም። አልዓዛርን ከመቃብር የጠራው ጌታ ነው፤ መግነዙን ፈትተው እንዲለቁት ያዘዘው ግን በዙሪያው የቆሙትን ሰዎች ነው። ጣት የሚያቆሽሽና ጊዜ የሚወስድ ሥራ የተሰጠው ለእነርሱ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ ጉዳይ ምን እንደሚል በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል፤ በስብከትም ሆነ በቡና ላይ በሚደረግ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ግማሹ ብቻ ይነገራልና። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ባወጣው ስለ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም በሚናገረው ሰነድ በቁጥር 27፣ ሴተኛ አዳሪነትንና የሴቶችንና የሕፃናትን ንግድ ከባርነት ጋር በአንድ ተራ አስቀምጦ የሰውን ክብር የሚያዋርድ ነውር አድርጎ ቈጥሮታል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2355 ላይ፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚጠቀመው ሰው በራሱ ላይ ከባድ ኃጢአት እንደሚሠራ በግልጽ ያስተምራል። ድርጊቱ በሴቲቱም በኩል ኃጢአት መሆኑን ሳይሸሽግ፣ ድህነት፣ ማስገደድና የማኅበረሰብ ጫና የተጠያቂነቷን መጠን ሊቀንሱ እንደሚችሉ ይጨምራል። በ2004 የወጣው የሀገራችን የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 634 እና 635 ፍርዱን ያነጣጠረው ከእርሷ ገቢ በሚኖረውና በሴቶችና በሕፃናት በሚነግደው ላይ ነው።

ይህን የምንጠቅሰው ኃጢአትን ለማቃለል አይደለም። በእሑድ ቅዳሴ ላይ ከፊታችን ከሚቀመጡት ወንዶች መካከል ገዢ የለም ብለን መማል ስለማንችል ነው። ስለ ሴተኛ አዳሪዎች ንስሐ ብዙ ጊዜ ተሰብኳል፤ ስለ ደንበኞቻቸው ንስሐ ግን ስንት ጊዜ ሰማን? የወንዶች ማኅበራት በጾም ወራት ሱባኤ ሲያደርጉ ይህ ጉዳይ በስሙ ተጠርቶ ሊነሣ ይገባል። ክፍሎቹን የሚያከራዩና የቡና ቤቱን ትርፍ የሚቈጥሩ ምእመናን ካሉም እነርሱን የሚመለከት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ወዴት ትሂድ? ለሚለው ጥያቄ መልስ ስትፈልግ የመጀመሪያ ጊዜዋ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር ካን በምትባል ከተማ ቅዱስ ዮሐንስ ኤውድ በስብከቱ ብዙ ሴቶችን ወደ ንስሐ ይመልስ ነበር። ስብከቱ ሲያበቃ ግን ሴቶቹ መሄጃ አልነበራቸውምና በፈቃደኛ ሰዎች ቤት ይጠጉ ነበር። ካስጠጓቸው አንዷ ማግደሌን ላሚ የተባለች ሀብት የሌላት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ቅዱሱ ከባልንጀሮቹ ጋር በደጇ ሲያልፍ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀቻቸው፤ አብያተ ክርስቲያናትን ለመሳለም መሆኑን ስትረዳም፣ ሥዕል እያዩ ጻድቃን ከመምሰል ይልቅ ለእነዚህ ልጆች ቤት ማቋቋም ግዴታቸው መሆኑን በቁጣ ነገረቻቸው። በ1641 ቤቱ ተከፈተ። ከዚያ ሥር ካደገው ማኅበር የወጣችው ቅድስት ማርያ ኤውፍራሲያም በ1835 በአንዤ ከተማ የመልካም እረኛ ደናግል ማኅበርን መሠረተች። ቅዱሳንን ስናመሰግን ያቺን የገሠጸቻቸውን ሴት መዘንጋት የለብንም፤ ቀን በቀን በቤቷ ሸክሙን የተሸከመች እርሷ ናት፤ ስለዚህም ተቈጣች።

በብዙ ቁምስናዎች የሚታወቀው የማርያም ጭፍራ የተባለው ማኅበርም በ1921 በደብሊን ከተማ በፍራንክ ደፍ ሲመሠረት፣ ገና በሕፃንነቱ የተሰማራው በዚሁ ሥራ ነው። በ1922 አባላቱ ሴቶቹ በሚኖሩባቸው ቤቶች ገብተው እያነጋገሩ 23 ሴቶችን ለሱባኤ ጋበዙ። ሱባኤው ሲፈጸም ሴቶቹ ተመልሰው ወደዚያው ሰፈር ቢሄዱ ድካሙ ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን ግልጽ ነበር። ስለዚህ ከመንግሥት ቤት ተለምኖ ሳንክታ ማሪያ የተባለ ማረፊያ ተከፈተላቸው። እነዚያ የማኅበሩ አባላት አብዛኞቹ ተራ ሠራተኞች ነበሩ፤ ገንዘብም ልዩ ሥልጠናም አልነበራቸውም። ቤት ለቤት ሄደው ሰውን በስሙ መጥራት ግን ያውቁ ነበር።

ስለ ወንዶች ልጆችም ተመሳሳይ ነገር እናነባለን። ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በቱሪን ወኅኒ ቤቶች ሲመላለስ እጅግ ያሳዘነው፣ ተፈትተው የወጡት ልጆች ጥቂት ቆይተው መመለሳቸው ነበር፤ ምክንያቱንም ሲመረምር ከወኅኒ ደጃፍ የሚቀበላቸው ሰው አለመኖሩ ሆኖ አገኘው። ልጆቹ በዚያ ሁኔታ ቢመለሱ ምን ይደንቃል? በባቱ፣ ማለትም በዝዋይ፣ የሳሌዥያን አባቶች የሙያ ማሠልጠኛ የቆመው በዚህ ማስተዋል ላይ ነው። በአዳማ መናኸሪያ ዙሪያ ማስቲሽ እያሸተቱ ለሚያድሩት ልጆችም ቢሆን ዳቦ መስጠት ቀላሉ ሥራ ነው፤ ነገ ጠዋት ልጁን በስሙ ጠርቶ የት እንዳደረ የሚጠይቅ አንድ ሰው ማግኘት ከባዱ ነው።

የመጠጊያ ቤቶችን መልካምነት ስንናገር መጥፎውን ምዕራፍ መዝለል አይገባም። በአየርላንድ የመግደላዊት ቤቶች ተብለው በደናግል የሚተዳደሩ ልብስ አጠባ ቤቶች ነበሩ፤ ለንስሐ መጠጊያ እንዲሆኑ የተጀመሩት እነዚህ ቤቶች ቀስ በቀስ ሴቶች ያለ ደመወዝ የሚደክሙባቸው፣ ብዙዎችም እንደ ልባቸው ሊወጡ የማይችሉባቸው ሆኑ። የመጨረሻው በ1996 ተዘጋ፤ በ2013ም የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በመንግሥት ስም ሴቶቹን ይቅርታ ጠየቁ። ስለዚህ የምንከፍተው ቤት ሁሉ መዝጊያው ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። ሴቲቱ የገባችው በፈቃዷ እንደሆነ ሁሉ መውጣትም የምትችል፣ ለሠራችውም የምትከፈል መሆን አለባት። ታሪኳን በጉባኤ ፊት እንድትናገር ማስገደድም ሌላ ዓይነት ሽያጭ ነው። ስለ እርሷ በሚወጣ ሪፖርት ላይ ፎቶግራፏን ለመለጠፍ የሚቸኩሉ ሰዎች ይህን ያስቡበት።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ከባዶ አንጀምርም። የብፅዕት እናት ተሬዛ ተብላ ትጠራ የነበረችው፣ በ2016 ቅድስና የታወጀላት የካልኩታዋ ቅድስት ተሬዛ ደናግሏን በ1973 ወደ አዲስ አበባ ካመጣች ወዲህ፣ ማንም ያልተቀበላቸው ሕሙማን በቤቶቻቸው ሲታጠቡና ሲመገቡ ኖረዋል። የመልካም እረኛ ደናግልም በአዲስ አበባ ሴቶችን ሙያ እያስተማሩ ያገለግላሉ። ካቶሊክ ካልሆኑት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መካከል በ1996 በአዲስ አበባ የተጀመረው እልልታ የተባለው የክርስቲያን ድርጅት ሴቶች ከሴተኛ አዳሪነት እንዲወጡ በምክርና በሥልጠና ሲረዳ ቆይቷል፤ ሥራውንም ወደ አዳማ አድርሷል። መልካም ሥራ የሠራውን ሁሉ በስሙ ማመስገን ይገባል። በሌላ ማኅበር የተጀመረውን መርዳት እየተቻለ ደካማ ቅጂ ማቋቋምም አስፈላጊ አይደለም።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ በምሕረት ዓመት በነሐሴ 2016 በሮም ከሴተኛ አዳሪነት የወጡ 20 ሴቶች የሚኖሩበትን ቤት ጎብኝተው ነበር። ጉብኝቱን የምናስታውሰው አባታችን ቤታቸው ድረስ በመሄዳቸው ነው።

በዘጠናዎቹ ዓመታት የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ የመንገድ ዳር ከተሞቻችንን ሲያጠቃ፣ ስለ ቡና ቤት ሴቶች የማይጨነቅ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ ጭንቀቱ ይበልጡን ለራሳችን ነበር። ከ2005 ጀምሮ መድኃኒቱ በነፃ መታደል ሲጀምር ጭንቀቱ ቀዘቀዘ፤ ሴቶቹም ከዓይናችን ጠፉ። እነርሱ ግን እዚያው ናቸው። አንዳንዶቹ ወደ ዐረብ አገር ሄደው ተመልሰዋል፤ የተመለሱትም ልባቸው የተሰበረ ነው።

ስለ ሱስ ጥቂት እንበል። ማት ታልቦት የሚባለው ደብሊናዊ የጉልበት ሠራተኛ ከልጅነቱ ጀምሮ ደመወዙን በሙሉ በመጠጥ የሚጨርስ ሰው ነበር፤ ለመጠጥ ሲል የአንድን ድሃ የጎዳና ዘፋኝ ማሲንቆ የመሰለ መሣሪያ ሰርቆ እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር። በ1884 በ28 ዓመቱ መጠጥ ላለመቅመስ ቃል ገባ፤ በ1925 ወደ ቅዳሴ ሲሄድ መንገድ ላይ ወድቆ እስከሞተበት ቀን ድረስ ቃሉን ጠበቀ፤ ቤተ ክርስቲያንም ክቡር ብላዋለች። ስለ ጾሙና ስለ ሌሊት ጸሎቱ ብዙ ይተረካል። እኛ ግን የሚያስደንቀን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ታልቦት ከሥራ ሲወጣ ጓደኞቹ ወደ መጠጥ ቤት በሚሄዱበት ሰዓት የሚሸሸግበት ቦታ ፈለገ፤ ያገኘውም በሩ ክፍት የሆነ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በኪሱም ገንዘብ ላለመያዝ ይጠነቀቅ ነበር። እንግዲህ የእኛ ቁምስናዎች በር በስንት ሰዓት ይዘጋል? በብዙ ቦታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ዘበኛው ቁልፉን ያዞራል። ቡና ቤቶች መብራታቸውን የሚያበሩት ያን ጊዜ ነው። ጫትና መጠጥ ለማቆም የቈረጠ ወጣት፣ ወይም ያን ምሽት ወደ ሥራ ላለመሄድ የወሰነች ሴት፣ ከ12 እስከ 3 ሰዓት የሚቀመጡበት ስፍራ ይፈልጋሉ። አንድ ክፍል፣ አንድ ፋኖስ ወይም አምፖል፣ ሁለት እናቶችና አንድ ጀበና ለጅማሬ ይበቃሉ። የአፋን ኦሮሞ፣ የአማርኛ፣ የሲዳምኛ ወይም የከምባትኛ ተናጋሪ ከእናቶቹ መካከል ቢኖር ደግሞ ይመረጣል፤ ሰው ሲያለቅስ በተወለደበት ቋንቋ ነውና የሚናገረው።

ወጥታ ተመልሳ የምትገባም ትኖራለች። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። የልብስ ስፌት መኪና ተገዝቶላት፣ መኪናውን ሽጣ ወደ ቡና ቤቱ ስትመለስ ኮሚቴው ይቈጣል፤ መዝገቧም ይዘጋል። በሀገራችን በስንክሳር በሚያዝያ 6 የምትታሰበውን ግብጻዊት ማርያምን እናስብ። በ12 ዓመቷ ከቤቷ ጠፍታ 17 ዓመት በዝሙት ኖራ፣ በኢየሩሳሌም ከተመለሰች በኋላ በበረሃ ያሳለፈችው የመጀመሪያው 17 ዓመት የቀድሞው ኑሮዋ በሐሳብ እየተመላለሰ ያስጨነቃት ዘመን እንደነበረ ራሷ ለአባ ዞሲማስ ነገረችው። በበረሃ፣ ያለ ዕዳና ያለ ደላላ፣ ቅድስት የሆነችው ይህን ያህል ከታገለች፣ በአዳማ መሀል ከቀድሞ ደንበኞቿ ጋር በአንድ ታክሲ የምትሳፈረው እኅታችን በስድስት ወር እንድትጸና መጠበቅ ከምን የመጣ ሐሳብ ነው? ዕርዳታ ሰጪዎች የጊዜ ገደብ ይወስናሉ፤ ቁምስና ግን ፕሮጀክት ስላልሆነ መጠበቅ ይችላል።

አሁን በተለይ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን የሚመለከት ነገር እናንሣ። እነዚህ እናቶች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ወደ እኛ የሚመጡት ለራሳቸው አይደለም፤ ልጃቸውን ለማስጠመቅ ነው። የቁምስናውን ጽሕፈት ቤት በር የምትከፍተው ፈርታ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ አባቱ ማን ነው? ከሆነ ሁለተኛ አትመጣም። የቀኖና ሕግ በቁጥር 877 ለእንዲህ ያለው ሁኔታ መንገድ አዘጋጅቷል፤ ካላገባች እናት ለተወለደ ልጅ የእናቱ ስም በመዝገብ ይጻፋል፤ የአባት ስም የሚጻፈው አባትነቱ በማስረጃ ወይም በራሱ ቃል ሲታወቅ ነው። ሕጉ በቁጥር 868 የሚጠይቀው ልጁ በካቶሊክ እምነት እንደሚያድግ መሠረት ያለው ተስፋ መኖሩን ነው። ያ ተስፋ እናቲቱ ብቻዋን የምትሸከመው አይደለም፤ መልካም ክርስትና እናት ከተገኘች እርሷም ትሸከመዋለች። ስለሆነም መምህራን ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት ክርስትና እናት ለመሆን የሚፈቅዱ ጠንካራ ሴቶችን ከአሁኑ ስም ዝርዝራቸውን ይዘው ቢጠብቁ፣ በዚህ አበልጅነት ለእናቲቱም የሚጠይቃት ዘመድ ይገኝላታል። በባህላችን አበልጅ የሚያስከትለውን ግዴታ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ከዚህ ሌላ፣ መሸኛ ለማግኘት ወደ ተወለደችበት ቀበሌ አብሯት የሚሄድ ሽማግሌ ያስፈልጋታል። መንገዱ አንዳንድ ጊዜ የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ የቤተሰቡም ፊት ምን እንደሚመስል አይታወቅም። አብሮ መሄድ የሚችል ጡረተኛ መምህር ወይም የቀበሌ ሥራ የሚያውቅ ምእመን በየቁምስናው አይጠፋም።

የመጨረሻው ጉዳይ እድር ነው። በከተሞቻችን የሚኖር ሰው ያለ እድር መኖር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ቡና ቤት ውስጥ የምታድር ሴት ግን ቋሚ አድራሻም ዋስም የላትምና ማንም አይመዘግባትም። ብዙዎቹ ጥቂት ገንዘብ የሚያጠራቅሙት በእቁብ ነው፤ እቁብ ደግሞ አይቀብርም። በሞቱ ጊዜ ማዘጋጃ ቤት እንዳይቀብራቸው በመካከላቸው ገንዘብ አዋጥተው አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚልኩት እነርሱው ናቸው፤ ይህን ፍቅር ሳያደንቁ ማለፍ አይቻልም። የቁምስና እድሮቻችን መተዳደሪያ ደንብ በሚሻሻልበት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ አባል ለመሆን የሚጠየቀው የቤት ቁጥር በአንድ ክርስትና እናት ወይም በቁምስናው ዋስትና እንዲተካ ሐሳብ ይቅረብ። ወርሃዊ መዋጮውን በመክፈል ከማንም አያንሱም። ድንኳኑ ሲተከልም ሆነ ወጥ ሲሠራ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ሽንኩርት ይከትፋሉ።